ሰኞ መድረስ የነበረበት ብልቃጥ

ታላቅ ወንድሜን የሥራ ባልደረቦቹ «ፕሮፌሰሩ» ይሉት ነበር። ማዕረጉን የሰጠው ዩኒቨርሲቲ አይደለም፤ የቄራው የሆድ ዕቃ ክፍል ነው። ስድስተኛ ክፍልን እንኳ በወጉ ያልጨረሰ ሰው፣ ከታረደ ከብት ሆድ የሚወጣውን ሁሉ ከሳንባ እስከ ኩላሊት እንደ እጁ መዳፍ ያውቀዋል። አዲስ ሠራተኛ በተቀጠረ ቁጥር ጠረጴዛው ዳር አቁሞ ያስተምራል፤ ተማሪ ሲያጣ ደግሞ ቤት መጥቶ እኔን ያስተምራል። በዕድሜዬ «አላውቅም» ሲል ሰምቼው አላውቅም። የሚያውቀውን ይናገራል፤ የማያውቀውን ደግሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል። እኔ ጋሼ ነው የምለው፤ እሱ «መርፌ» ይለኛል። ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም፣ ምላሴም ስለሚወጋ ነው።

በሆድ ዕቃ ክፍል ውስጥ የእሱ ድርሻ ጉበት ነበር። ጉበቱ ገና እንፋሎቱ ሳይለቀው በመንጠቆ ተንጠልጥሎ ይመጣለታል። ከሥሩ የሐሞት ከረጢቱ ተለጥፏል፤ አረንጓዴ፣ ስስ፣ ውሃ የሞላ ፊኛ የመሰለ ነገር ነው። ጋሼ በግራ እጁ አንገቱን ብድግ ያደርግና በቢላው ጫፍ ከጉበቱ ይለየዋል። ቢላው የፀጉር ያህል ከሳተ ሐሞቱ ይፈስሳል፤ ሐሞት የፈሰሰበት ጉበት ደግሞ ለማንም አይሆንም። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ያፈሰስኩት አራት ብቻ ነው ብሎ ይምላል፤ አራቱንም ከነቀናቸው ያስታውሳል። የሥጋ መርማሪው ሐኪም እንኳ፣ ያ ሁሉ ወረቀት ያለው ሰውዬ፣ ግራ የሚያጋባ ጉበት ሲያጋጥመው «እስቲ ፕሮፌሰሩን ጥሩልኝ» ይል ነበር። ይህን ወሬ ይዞ ቤት ሲገባ ፊቱ እንዴት እንደሚያበራ ዛሬም ይታየኛል። ያቺ ኩራት ናት ኋላ ጉድ የሠራችን።

እናታችን ስትሞት እኔ ሰባት ዓመቴ፣ እሱ አሥራ ዘጠኝ ነበር። ዘመድ ተሰብስቦ «ይህቺን ልጅ ማን ይውሰዳት» ሲባባል «ማንም አይወስዳትም» አለና ነገሩን ዘጋው። ፀጉር መጎንጎን ከጎረቤት ሴት ተምሮ ጠዋት ጠዋት ይጎነጉነኝ ነበር፤ እጁ የሆድ ዕቃ እንዳይሸት አስቀድሞ በሎሚ ይፈትገዋል። አንዱ ጉንጉን ሁልጊዜ ከሌላው ይወፍራል። ትምህርት ቤት ቢስቁብኝም አልነገርኩትም። ለምን ሚስት እንዳላገባ ሲጠየቅ «ሽታዬን ችላ የምትተኛ ሴት ጠፋች» ብሎ ያስቃል፤ እኔ ግን ምክንያቱ ማን እንደሆነ አውቃለሁ። እኔው አግብቼ በአራተኛው ዓመት ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ስመለስ ምን ሆንሽ ብሎ አልጠየቀኝም። አልጋውን ወደ ፊተኛው ክፍል አወጣና ጓዳውን ከነመስኮቱ ለእኔና ለስፌት መኪናዬ ለቀቀልኝ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት በሁለት ክፍል ውስጥ እየተጣላንና እየተሳሳቅን ኖርን።

ሕመሙ ሲጀምረው ከቀኝ ጎኑ፣ ከጎድኑ ሥር ነበር። ስብ ያለው ነገር ከበላ በኋላ ይነሣበትና ወደ ትከሻው ይወጣል። ሰዓት ሁለት ሰዓት ይቆይና ይተወዋል። ፕሮፌሰሩ ራሱን መርምሮ «ጨጓራ ነው» አለ። የጨጓራ ኪኒን ገዝቶ ዋጠ። ኪኒኑ ሳይሆን ጊዜው ሲያስታግሰው «አየሽ?» ይለኛል። ሐኪም ቤት ሂድ ብዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ነዘነዝኩት፤ አፌ ዛለ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ነውና፣ አንድ ቀን ጠረጴዛው ላይ እንደ ቆመ ቢላውን አስቀምጦ መሬት ላይ ተቀመጠ። ባልደረቦቹ ለሁለት ደግፈው ወደ ሆስፒታል ወሰዱት።

በአልትራሳውንድ ሲታይ ሐሞቱ ውስጥ ድንጋይ ተገኘ። እኔ ስደነግጥ እሱ ደስ አለው። በከብትም እንደሚገኝ፣ በበሬ ሐሞት ውስጥ ስንት ዓይነት ድንጋይ እንዳየ፣ የትኛው ቢጫ የትኛው ጥቁር እንደሆነ ለቀዶ ሐኪሟ ማስረዳት ጀመረ። ሐኪሟ አጭር፣ ዝምተኛ፣ ዐይኗ እንቅልፍ ያጣ ሴት ናት። እስኪጨርስ ጠበቀችው። ከዚያ ድንጋዩን ብቻ ማውጣት እንደማይጠቅም፣ ከረጢቱ በሙሉ ከነድንጋዩ መውጣት እንዳለበት፣ ሰው ያለ ሐሞት ከረጢት ደህና አድርጎ መኖር እንደሚችል ነገረችን። ጋሼ ከዚያ ቀን ጀምሮ «ሐሞት የሌለኝ ሰው ልሆን ነው፣ ከእንግዲህ ብትሰድቢኝም አልቆጣሽም» እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

ኦፕራሲዮኑ ረቡዕ ተደረገ፤ ደህና ወጣ። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ወደ ቤት እንዲሄድ ሲፈቀድለት አንዲት ነርስ ክዳኑ በፕላስተር የታሸገ የፕላስቲክ ብልቃጥና አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። ብልቃጡ ውስጥ፣ ዐይን የሚቆጠቁጥ መድኃኒት ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ የወንድሜ ሐሞት ከረጢት አለ። እዚያ ሆስፒታል የፓቶሎጂ ምርመራ ስለማይሠራ ቤተሰቡ ራሱ ከከተማው ማዶ ወዳለው ላቦራቶሪ ያደርሳል። ለምን እንደሚመረመር ጠየቅኋት። ከሰው አካል የወጣ ነገር ሁሉ ይመረመራል፣ ደንብ ነው አለችኝ። ሌላ በሽተኛ ጠራትና ሄደች። ያ «ደንብ ነው» የሚለው ቃል ብልቃጡን አቀለለብኝ። ደንብ ማለት እንደ ማኅተም፣ እንደ ፎቶ ኮፒ ያለ ነገር መሰለኝ። እውነቱን ለመናገር የተሸከምኩት ምን እንደሆነ አልገባኝም።

ጋሼን አልጋው ላይ አስተኝቼ፣ ብልቃጡን በሻርፕ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አድርጌ በታክሲ ሄድኩ። ስደርስ ላቦራቶሪው ተዘግቷል። ዘበኛው ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ እንደሚሠሩ ነገረኝና ሰኞ ተመለሽ አለኝ። ብልቃጡን እዚያው ላስቀምጥ ብለው እሱ ምን በወጣው ይረከበኛል? ይዤው ተመለስኩ። የመስኮቱ ደፍ ላይ፣ ከክር ቆርቆሮዬ አጠገብ አስቀመጥኩት።

እሑድ እኩለ ቀን ላይ ጋሼ ትራስ ተደግፎ ቁጭ ብሏል። «እስቲ አምጪው፣ ልየው» አለ። ለፓቶሎጂ ነው ብዬ ተከራከርኩ። የዚያን ቀን ያለኝን ቃል በቃል አስታውሳለሁ።

«ፓቶሎጂ ምን ሊነግረኝ ነው? እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ምን ስሠራ የኖርኩ ይመስልሻል?»

ማንም ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅበት ነበር። እኔም መሳቅ ነበረብኝ። ግን አራት ቀን ሙሉ ቱቦ ተሰክቶበት፣ ሰው ገልብጦ እያጠበው፣ አንገቱን ደፍቶ የከረመ ወንድሜ መልሶ ፕሮፌሰር ሆኖ ሳየው ደስ አለኝ። ትሪ አመጣሁለት። ቢላውንም ከመሳቢያው አውጥቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ። መድኃኒቱን ልብስ ማጠቢያው ላይ ደፋሁና ከረጢቱን በውሃ አጠብኩለት። ሁለታችንም ዐይናችን አለቀሰ፤ በመድኃኒቱ ነው።

ጋሼ በግራ እጁ አንገቱን ብድግ አድርጎ ከላይ እስከ ታች በአንድ ጊዜ ሰንጥቆ ከፈተው። እጁ ከአልጋ እንደ ተነሣ በሽተኛ አልተንቀጠቀጠም። ስምንት ድንጋይ ወጣ። ትልቁ ሽምብራ ያህላል። እያንዳንዱን ወደ ብርሃኑ እያነሣ፣ ይህ የቆየ ነው፣ ይህ ገና ነው፣ ይህኛው ነው መንገድ ዘግቶ ያሠቃየኝ እያለ አስረዳኝ። ከዚያ የከረጢቱን ግድግዳ በአውራ ጣቱ ይዳስስ ጀመር፤ በቄራም እንደዚያ ነው የሚያደርገው፣ ዐይን ያላየውን ጣት ያየዋል ይል ነበር። ከታች በኩል፣ ወደ ጉበቱ ይዞር በነበረው ፊት ላይ፣ አንድ ቦታ አውራ ጣቱ ቆመ። እኔም አየሁት። ቦታው ነጣ ያለ፣ የደረቀ ነገር ነው፤ ስፋቱ የሸሚዝ ቁልፍ ያህላል። ጋሼ ጣቱን አነሣ፣ እንደገና አሳረፈበት።

«ይሄ ድንጋዩ የፋቀው ነው» አለ በመጨረሻ። «ጠባሳ ነው። በበሬም ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ።»

እኔም አመንኩት። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ያለውን ሁሉ ሳምነው ኖሬ የዚያን ቀን ምን ላድርግ? ከረጢቱን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ፤ ከቆሻሻው ጋር አወጣሁት። ድንጋዮቹን ግን አጥቦ አደረቀና በማርማላታ ብርጭቆ አድርጎ መደርደሪያው ላይ አስቀመጣቸው። ሊጠይቅ የመጣ ሰው ሁሉ ብርጭቆውን ሳያቅጨለጭል አይሄድም ነበር። የላቦራቶሪውን ወረቀት እኔ አጥፌ የልብስ ንድፎቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ሰኞ ጠዋት የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ስፌት ተደራርቦብኝ ነበር፤ ከተማ ማዶ መሄድ ስለ ቀረልኝ ቀለለኝ እንጂ አልከበደኝም። ይህንን ነው ለራሴ ይቅር ማለት ያቃተኝ።

የቁስሉን ስፌት ለማስነቀል በአሥረኛው ቀን ሄድን። ጋሼ ሸሚዙን ገልጦ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ነርሷ ክሩን ነቅላ ስትጨርስ ካርዱን ከፈተችና የፓቶሎጂው ውጤት መጣ ወይ ብላ ጠየቀች። ጋሼ አየኝ። እኔ ነርሷን አየኋት። ያቺው ብልቃጡን የሰጠችኝ ናት፤ ጣልነው ብላት የምትቆጣኝ መሰለኝ። አስቡት፣ አርባ ሁለት ዓመት የሞላኝ ሴት፣ ቁጣ ፈርቼ።

«ደህና ነው ተብሏል» አልኳት።

ወረቀቱስ ስትለኝ ቤት ረስቼው መጣሁ አልኩ። ሌላ ጊዜ አምጪው አለችና ካርዱ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች። ኮሪደሩ ላይ ጋሼ ትከሻዬን መታ አድርጎ «አቤት መርፌ፣ ውሸት እንኳ ስትሰፊ ስፌትሽ አይታይም» አለኝ። ተሳሳቅን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ ግን እኛ የደበቅነው በሽታ አልነበረም፣ በሽታ የሚባል ነገር አልቋል ብለናል።

ስምንት ወር ደህና ኖረ። ስብ ይበላል፣ ጎኑን አያመውም፣ ጠረጴዛው ላይ ተመልሶ ያስተምራል። ከዚያ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ ብሺልኝ አለኝ። ወሩ ሳይሞላ ሌላ ቀዳዳ አስበሳኝ። ሱሪዎቹን ሁሉ ከወገባቸው አጠበብኳቸው፤ በሙያዬ ስንት ሰው እንደሚወፍር እንደሚከሳ አውቃለሁ፣ የእሱ አከሳስ አልጣመኝም። ቀጥሎ ማሳከክ ጀመረው። ያለ ሽፍታ፣ ያለ ቁስል፣ መዳፉንና እግሩን እስኪደማ ድረስ ያካል። ሳሙና ቀየርኩ፣ አንሶላ ቀቀልኩ። እሱ ደግሞ የቄራው ማጠቢያ መድኃኒት ነው አለ።

አንድ ጠዋት መስተዋቱ ፊት ጢሙን እየተላጨ ሳለ እጁ ቆመ። የዐይኑን ሽፋን በጣቱ ወደ ታች ስቦ አየ። ሌላውንም አየ። ከዚያ ፊቱን በአረፋ እንደ ተሸፈነ ወደ እኔ ዞረ። የዐይኑ ነጭ ቢጫ ሆኗል። ቄራ ውስጥ ሥጋው ቢጫ የሆነ ከብት ሲገኝ መርማሪው ማኅተሙን አያሳርፍበትም፤ ወደ መቅበሪያው ይላካል። ይህን ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነው።

«መርፌ፣ እኔን መርማሪው ቢያየኝ አያሳልፈኝም» አለኝ። ለመሳቅ ሞከረ። ፎጣ አቀበልኩትና ነጠላዬን አነሣሁ።

ያችው ዝምተኛ ቀዶ ሐኪም ተቀበለችን። በሲቲ ስካን አስነሣችው፣ ደሙን አስመረመረች፣ ከዚያ ሁለታችንንም ቢሮዋ አስገባችን። ጠባብ ክፍል ናት፤ ሦስት ወንበርና የተጎነበሰ መብራት ብቻ አለ። ካርዱን እያገላበጠች የፓቶሎጂው ውጤት ደህና ነበር እንደሚል፣ ወረቀቱን ግን እንዳላየችው ተናገረች። ይዛችሁት መጥታችኋል ወይ አለች። ጋሼ አፉን ሊከፍት ሲል ቀደምኩት። ብልቃጡን፣ ዘበኛውን፣ ትሪውን፣ ቢላውን፣ ጋዜጣውን፣ ለነርሷ የዋሸሁትን፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ተናገርኩ። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ብትቆጣ፣ ብትሰድበኝ፣ ከቢሮዬ ውጪ ብትለኝ እንዴት በተሻለኝ። አልተቆጣችም። እጇን ጠረጴዛው ላይ አጣምራ ቀስ ብላ ማስረዳት ጀመረች።

የሐሞት ከረጢት ካንሰር ድምፅ የሌለው ነው አለች። ብዙ ጊዜ ድንጋይ ባለበት ከረጢት ውስጥ ያድጋል፤ ሕመሙም የድንጋዩን ሕመም ስለሚመስል ማንም አይጠረጥረውም። ድንጋይ ያለበት ሁሉ ካንሰር ይይዘዋል ማለት አይደለም፣ የሚይዘው ጥቂቱን ነው። ቀድሞ የተገኘ እንደሆነ ግን በአብዛኛው የሚገኘው እንዲሁ በአጋጣሚ፣ ለድንጋይ ብለው ያወጡትን ከረጢት ላቦራቶሪ በአጉሊ መነጽር ሲያየው ነው። ደንቡ የወጣው ለዚህ ነው። አሁን እንደሚታየው ጉበቱ ውስጥ ገብቷል፣ የሐሞት ማውረጃውን ቱቦም ከውጭ አንቆ ይዞታል፤ ቢጫ ያደረገውም ማሳከኩንም ያመጣው ሐሞቱ መውረጃ አጥቶ ወደ ደሙ መመለሱ ነው።

ጋሼ ጠየቃት። ከአልጋ ላይ ሳይሆን ከጠረጴዛው ዳር እንደሚጠይቅ ሰው፣ በየትኛው በኩል ወደ ጉበቱ እንደገባ ጠየቃት። ፊልሙን አንሥታ አሳየችው። ከረጢቱ በጉበቱ ላይ የተኛበት ፊት ላይ ወፍራም ሽፋን እንደሌለው፣ በሽታው በዚያ በኩል በቀላሉ እንደሚሻገር ነገረችው። ጋሼ ራሱን ነቀነቀ።

«ያ ፊት ስስ መሆኑንማ አውቃለሁ» አለ። «ዕድሜ ልኬን በቢላ ጫፍ ስለየው የኖርኩት እሱን አይደል?»

ያኔ ቢታወቅ ኖሮስ ብዬ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ባልጠይቅ ይሻለኝ ነበር፣ ግን ሳልጠይቅ እንዴት እወጣለሁ? ያኔ ቢታወቅ ወዲያው ሁለተኛ ኦፕራሲዮን ይደረግ እንደነበር፣ ከረጢቱ ተኝቶበት የነበረው የጉበት ክፍልና አካባቢው ያሉ ንፍፊቶች ተቆርጠው ይወጡ እንደነበር ነገረችኝ።

«ይድን ነበር?» አልኳት።

«እርግጠኛ ሆኜ ልነግርሽ አልችልም» አለች። ዐይኗን አልሰበረችም። «በዚያ ደረጃ ከተገኘላቸው ብዙዎቹ ዓመታት ይኖራሉ። የሚድኑም አሉ።»

ከዚህ በኋላ ያለው ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። በአፉ በኩል ካሜራ አስገብተው በታነቀው የሐሞት መንገድ ውስጥ ቀጭን ቱቦ ተከሉለት። በሳምንቱ ዐይኑ ነጣ፣ ማሳከኩ ተወው፣ አንድ ሙሉ ሳህን ምግብ በላ። እኔ ሞኟ ዳነ ብዬ አለቀስኩ። ሐኪሟ ግን አስቀድማ ነግራናለች፤ ቱቦው መንገድ ይከፍታል እንጂ በሽታውን አይነካውም። ኬሞ ደግሞ ዕድሜን በወራት ሊገፋ ይችላል፣ ማዳን ግን አይችልም። ይህን እያወቀ ጋሼ ኬሞውን ጀመረ። ለምን ስለው ከመሞት መሰንበት ብሎ መለሰልኝ። በየሦስት ሳምንቱ፣ ስድስት ወንበር በተደረደረበት ክፍል ውስጥ፣ ክንዱን ዘርግቶ ይውላል። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ጊዜያት ጎኑ የተቀመጡትን በሽተኞች ስለ ጉበት ሲያስተምር ዋለ። በሦስተኛው ጊዜ ዝም አለ።

አፉ ቆሰለ። ሠላሳ አንድ ዓመት በሆድ ዕቃ መካከል ቆሞ አፍንጫውን ያልያዘ ሰው የሽንኩርት ሽታ አላስቀምጥ አለው። ምግብ የምሠራው ጎረቤት ቤት ሄጄ ሆነ። ከአራተኛው ኬሞ በኋላ እንደገና ሲቲ ስካን ተነሣ፤ እብጠቱ አድጓል፣ ሌላም ቦታ ታይቷል። ሐኪሟ ማቆም ይሻላል አለች፤ ከእንግዲህ መድኃኒቱ የሚጎዳው እሱን ነው እንጂ በሽታውን አይደለም አለች። የሕመም ማስታገሻ ሞርፊን በሽሮፕ አድርጋ አዘዘችለት፣ በየአራት ሰዓቱ እንድሰጠው፣ ሳይብስበት አስቀድሜ እንድሰጠው አስተማረችኝ። እኔም አልሳትኩም። ቢያንስ ይህንን በሰዓቱ አደረስኩ።

የቄራ ባልደረቦቹ ሲመጡ ጠረጴዛው ላይ ማን እንደ ተተካ ይነግሩታል። ልጁ በሳምንት ሁለት ሐሞት ያፈስሳል አሉት። ጋሼ ዐይኑን ጨፍኖ «ቢላውን እየገፋ ነው፤ ይጎትተው በሉት» አለ። የመጨረሻ ትምህርቱ ይህ ነው። ከእነርሱ መካከል አንዱ እንደ ልማዱ የድንጋዩን ብርጭቆ ከመደርደሪያው አንሥቶ አቅጨለጨለና ደንግጦ መልሶ አስቀመጠው። ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ልጣለው ወይ አልኩት። ተይው አለኝ፤ ተውኩት።

አንድ ቀን፣ እሑድ ነበር፣ ረፋዱ ላይ ፀሐይዋ በጓዳው መስኮት ገብታለች። እዚያ ሙቀት ስላለ አልጋውን መልሼ ወደ ጓዳ አምጥቼዋለሁ፤ እሱ ተኝቶ እኔ በስፌት መኪናዬ የሰው ልብስ ጠርዝ እየመታሁ ነው። እንደገና ቢጫ ሆኗል። ክንዱ ከእንጨት አልወፈረም። ድንገት እግሬ ፔዳሉ ላይ ቆመና ያን ሁሉ ወር የያዝኩት ወጣ።

«ጋሼ፣ የገደልኩህ እኔ ነኝ» አልኩት። «ሰኞ ጠዋት ባደርሰው ኖሮ። ደህና ነው ብዬ ባልዋሽ ኖሮ።»

እጁን ከብርድ ልብሱ አወጣና አውራ ጣቱን አነሣልኝ፤ ቆዳው ያ ሁሉ ዓመት የደነደነ፣ ከመላ አካሉ ያልከሳው እሱ ብቻ ነው።

«በዚህ ዳስሼዋለሁ እኮ» አለ። «በበሬም አይቼዋለሁ አልኩሽ አይደል? አይቼ አላውቅም። በሠላሳ አንድ ዓመት እንደዚያ ያለ ነገር አንድ ቀን አይቼ አላውቅም። ምን እንደሆነ አላወቅኩም፣ ፈራሁ። አንቺ ምን አደረግሽ? ያልኩሽን አመንሽ።»

መኪናዬን ትቼ ሄጄ ሎሚ ቆረጥኩና ያንን እጁን ፈተግኩለት። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ሽታ አልነበረውም። እሱም እጁን ሰጠኝ። በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተ።

የላቦራቶሪው ወረቀት አሁንም በንድፎቼ መሳቢያ ውስጥ አለ። የበሽተኛው ስም፣ ዕድሜ፣ የወጣበት ቀን ተሞልቷል፤ «ውጤት» የሚለው ሳጥን ባዶ ነው። አንዳንድ ቀን ክር ስፈልግ እጄ ያገኘዋል፤ ያን ጊዜ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ጋሼ በዕድሜው አላውቅም ብሎ የማያውቅ ሰው ነው። ሊሞት ሰሞን በዚያ እሑድ አላወቅኩም ያለኝ እውነቱን ነው ወይስ ጥፋቱን ከእኔ ላይ ለማንሣት፣ እንደ ልጅነቴ ሸክሜን ለመያዝ ሲል ነው? እውነቱን ከሆነ፣ ጣቱ ያወቀውን ፍርሃት ብቻውን ተሸክሞ ስምንት ወር እያሳቀኝ ኖሯል። ዋሽቶ ከሆነ ደግሞ፣ በሕይወቱ ከሁሉ የሚበልጥበትን ነገር፣ ማወቁን፣ ለእኔ ሲል ጥሎልኝ ሄዷል። የትኛው እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው የለም። ሁለቱንም ሳስበው ግን ልቤ ላይ የሚያርፈው ያው አንድ ነገር ነው፤ ብልቃጡ እጄ ላይ ነበር።